ስብ ያቃጥላል የተባለው ክኒን ሃዋይ ውስጥ ምን አደረገ?

«ፋት በርነር (ስብ አቃጣይ የሚባለው ክኒን) ይሠራል ወይ?» ጥያቄው አያልቅም። የሚገርመው፣ ብዙ ጠያቂ የሚፈልገው መልስ ሳይሆን ፈቃድ ነው። ክኒኑን ገዝቶታል፣ ወይም ሊገዛው ጫፍ ላይ ደርሷል። «ይሠራል» ሲሉት ደስ ይለዋል። «አይሠራም» ሲሉት ደግሞ ቦርጩ የጠፋለትን ጓደኛውን ይጠቅሳል። በጥቅሉ መከራከር የትም አያደርስም። አንድ ጉዳይ ይዞ ከሥር ከመሠረቱ ማየት ይሻላል።

የመረጥኩት በ2013 በአሜሪካዋ ግዛት በሃዋይ ውስጥ የሆነውን ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለምን እሱን? ዶሴው ሙሉ ስለሆነ። ሐኪሞቹ ያዩትን ጽፈዋል። የጤና መሥሪያ ቤቱ መርምሯል። መንግሥት ከሷል። ኩባንያው ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ ብሏል። የሌሎች ክኒኖች ታሪክ ብዙ ጊዜ በወሬ ተጀምሮ በወሬ ያልቃል።

ሁሉም ወደ አንድ ሆስፒታል

ከሜይ 2013 ጀምሮ ሆኖሉሉ ወደሚገኘው ክዊንስ የሕክምና ማዕከል አንድ ዓይነት ሕመምተኞች መምጣት ጀመሩ። ብዙዎቹ ገና በጉልምስና ዕድሜ ላይ ያሉና ከዚያ በፊት ጤነኛ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፤ እኛ የወፍ በሽታ የምንለው ዓይነት። ሽንታቸው ጠቁሯል። ሰገራቸው ነጥቷል። ምግብ አስጠልቷቸዋል።

በጊዜው በሃዋይ ደሴቶች ጉበት የሚተክል ሆስፒታል ይሄ ብቻ ነበር። ጉበቱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ሕክምናውን የትም ቢጀምር ዞሮ ዞሮ እዚህ ይመጣል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። እነዚሁ ሰዎች በሰፊ አገር ተበታትነው ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ሐኪም ምክንያቱ ያልታወቀ አንድ የጉበት ሕመምተኛ ያያል። «እንግዳ ነገር ነው» ይልና ወደሚቀጥለው ሕመምተኛ ያልፋል። የሚያገጣጥማቸው ሰው አይኖርም። ሌላ ቦታ ስንቱ እንዲህ ሳይገጣጠም እንደቀረ አስቡት።

ሴፕቴምበር 9 ጉዳዩ ለግዛቲቱ የጤና መሥሪያ ቤት ተነገረ። ሰባት ሰዎች፣ ከባድ የጉበት ብግነት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ። ሰባቱንም የሚያገናኝ አንድ ነገር ነበር፦ ኦክሲኤሊት ፕሮ። ክብደት ለመቀነስ ተብሎ የሚሸጥ ሰፕልመንት፣ ማለትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከምግብ በተጨማሪ የሚወሰድ ምርት ነው።

የሐኪሞቹን ሥራ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። «ይህን ጉበት የጎዳው ሰፕልመንት ነው» ብሎ የሚናገር የደም ምርመራ የለም። ሥራው የማጣራት ሥራ ነው። የሄፓታይተስ ቫይረስ አለ? የለም። አልኮል ነው? አይደለም። ከመጠን በላይ የተወሰደ ፓራሲታሞል? የሰውነት መከላከያ የራሱን ጉበት ሲያጠቃ የሚመጣው በሽታ? የሐሞት ጠጠር የዘጋው ቱቦ? አንድ በአንድ ይታያሉ፣ አንድ በአንድ ይወጣሉ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው «ምን ስትወስድ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲባል ብዙ ሰው «ኧረ ምንም» ይላል። እየዋሸ አይደለም። የጂም ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ የገዛው ብልቃጥ በእሱ ቤት መድኃኒት አይደለም፤ «እንደ ቫይታሚን ነገር» ነው። ጎበዝ ሐኪም ስለዚህ ጥያቄውን ይለውጠዋል። ክኒን፣ ዱቄት፣ ሻይ፣ ጠብታ፣ ለጡንቻ፣ ለቦርጭ፣ ለጉልበት እያለ በስም በስሙ ይጠይቃል። ካስፈለገም ብልቃጡን አምጡልኝ ይላል።

የጤና መሥሪያ ቤቱ ከአገር አቀፉ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ከሲዲሲ ጋር ሆኖ ፍለጋውን አሰፋ። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ 29 ሰዎች ተመዘገቡ። አማካይ ቦታ ላይ ያለው ዕድሜ 33 ነበር። 14ቱ ወንዶች ናቸው፤ ነገሩ «የሴቶች የማቅጠኛ ክኒን» ብቻ አልነበረም። ከ29ኙ 24ቱ ከመታመማቸው በፊት በነበሩት 60 ቀናት ውስጥ ኦክሲኤሊት ፕሮ ወስደዋል። ከሁለት በላይ ሕመምተኞች የሚጋሩት ሌላ ሰፕልመንትም ሆነ መድኃኒት አልተገኘም። 11ዱ ሆስፒታል ተኝተው ታክመዋል። ለሁለቱ ጉበት ተተክሎላቸዋል። አንድ ሰው ሞቷል።

የጉዳቱን ልክ ለማወቅ ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ። ኤኤልቲ የሚባል ኢንዛይም አለ። የጉበት ሴል ሲጎዳ ወደ ደም ይፈሳል። ጤነኛ ሰው ላይ 40 ገደማ ቢደርስ ነው። እነዚህ ሕመምተኞች ላይ ከፍተኛው ልኬት በመሃለኛው ሰው 1,793 ነበር። ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ደግሞ 1 ገደማ መሆን ሲገባው 12.6 ደርሷል። ሁለቱ አብረው ሲወጡ የጉበት ሐኪም ይደነግጣል። መድኃኒት የወሰደ ሰው የጉበቱ ሴሎች ተጎድተው ዓይኑም ቢጫ ከሆነ፣ ከ10 አንዱ ያህል ለሞት ወይም ለንቅለ ተከላ እንደሚደርስ ከቆየ ልምድ ይታወቃል።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። የጉበት ብግነት ቀድሞ ከሚያሳያቸው ምልክቶች አንዱ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ነው። ክብደት ሊቀንስ ክኒን የገዛ ሰው ምግብ ሲያስጠላው ምን ይላል? «መሥራት ጀመረ!» ሚዛን ላይ ይወጣል፤ እውነትም ቀንሷል። ድካሙንም ትንሽ ስለበላሁ ነው ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ክኒኑን ይቀጥላል። ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምግብ ቢያስጠላው «ምን ሆኜ ነው?» ብሎ ይደነግጣል። የማቅጠኛ ክኒን ተጠቃሚ ግን የሕመሙ ምልክትና የጠበቀው ውጤት አንድ ሆነውበታል። የዚህ ምርት ዓይነተኛ አደጋ ይሄ ይመስለኛል፤ ማንም ብልቃጥ ላይ አይጽፈውም።

ብልቃጡ ውስጥ ምን ነበር?

አምራቹ ዳላስ፣ ቴክሳስ የነበረው ዩኤስፒላብስ ነው። ምርቱ በ2013 አዲስ አልነበረም። አዲስ የነበረው ቀመሩ ነው።

የቀድሞው ቀመር ዲኤምኤኤ የሚባል አነቃቂ ነበረበት። ዲኤምኤኤን በ1940ዎቹ ያወጣው ኢላይ ሊሊ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ነው። የታፈነ አፍንጫ እንዲከፍት ነበር የታሰበው። በ1983 ከመድኃኒትነት ወጣ። ከዓመታት በኋላ ሰፕልመንት ሆኖ ተመለሰ፤ ያውም «ከጄራኒየም ተክል የተገኘ» ተብሎ። ዲኤምኤኤ የደም ሥርን ያጠብባል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ በ2012 ለሚሸጡት ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከ። ዩኤስፒላብስ እስከ 2013 ድረስ ሲከራከር ቆየ። በመጨረሻ በዚያ ዓመት ጁላይ ላይ ዲኤምኤኤ ያለባቸው ምርቶቹ ተወገዱ። የችርቻሮ ዋጋቸው ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ልብ በሉ፤ አንደኛው ቀመር ሲታገድ የምርቱ ስም አልተቀየረም። ሰው የለመደው ስም እንዳለ ሆኖ ውስጡ ተለወጠ። «እኔ ድሮም ወስጄዋለሁ፣ ምንም አላደረገኝም» የሚል ሰው ሌላ ነገር እየዋጠ ነበር ማለት ነው።

የዲኤምኤኤን ቦታ ከወሰዱት አንዱ ኤጀሊን ነው። ኤጀሊን በሕንድ የባህል ሕክምና በሚታወቀው የቤል ዛፍ ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛል። ክኒኑ ውስጥ የገባው ግን ከዛፉ የተገኘው ሳይሆን በላቦራቶሪ የተሠራው ነው። ዛፉ ለዘመናት አገልግሏል መባሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ንጥረ ነገሩን ነጥሎ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ፣ ካፕሱል ውስጥ ጠቅጥቆ በየቀኑ መዋጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እንዴት ገበያ ላይ ወጣ? አሜሪካ ውስጥ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት እንደሚሠራና ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደማይበልጥ መረጋገጥ አለበት። ሰፕልመንት ግን በ1994 በወጣው ሕግ የሚታየው እንደ ምግብ ዘርፍ ነው። አምራቹ ቅድሚያ ፈቃድ አይጠይቅም። ይሸጣል። ጎጂ መሆኑን ማሳየት የመንግሥት ሸክም ነው። አንድ ገደብ አለ፦ ከሕጉ በፊት ገበያ ላይ ያልነበረ አዲስ ንጥረ ነገር ከሆነ ኩባንያው ቢያንስ ከ75 ቀን በፊት ማሳወቅና ደኅንነቱን የሚያሳይ መረጃ ማቅረብ አለበት። ለኤጀሊን ይህ አልተደረገም። ኤፍዲኤ ኦክቶበር 11 በጻፈው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የያዘውም ይህንኑ ነጥብ ነው።

ከዚያ የሆነው ፈጠን ያለ ነው፤ ለሕመምተኞቹ ግን የዘገየ። ኦክቶበር 8 የሃዋይ ጤና መሥሪያ ቤት ሱቆች ምርቱን ከመደርደሪያ እንዲያወርዱ ጠየቀ። ኖቬምበር 6 ኤፍዲኤ በ2011 ሕግ የተሰጠውን የማስገደድ ሥልጣን ጠቅሶ ለኩባንያው ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ፤ በፈቃድህ ካልሰበሰብክ አስገድጄ አሰበስብሃለሁ የሚል ነው። ኖቬምበር 9 ኩባንያው ሰበሰበ። ሰባቱ ሰዎች ሪፖርት ከተደረጉ ሁለት ወር ሆኗል። እስከዚያ ድረስ ብልቃጡን ቀደም ብሎ ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው መዋጡን ሊቀጥል ይችል ነበር።

ጥርጣሬው

ታሪኩ እስካሁን በጣም ያማረ ነው። እንዲህ ሲያምር ደግሞ መጠርጠር ጥሩ ነው።

መጀመሪያ 83 በመቶውን እንይ፤ 24 ከ29። ይህ ቁጥር «የጉበት ብግነት ከያዛቸው የሃዋይ ሰዎች 83 በመቶው ኦክሲኤሊት ፕሮ ወስደዋል» ማለት አይደለም። መርማሪዎቹ ማንን እንቁጠር ብለው ሲወስኑ ክብደት ለመቀነስ ወይም ጡንቻ ለመገንባት ሰፕልመንት መውሰድን ራሱን መስፈርት አድርገውታል። ሰፕልመንት ያልወሰደ ሰው መጀመሪያውኑ 29ኙ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግረን ሰፕልመንት ወስደው ከታመሙት መካከል አብዛኞቹ ይሄኛውን መውሰዳቸውን ነው። ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ገበያው ላይ ስንት ዓይነት ምርት ሞልቶ! ግን አሳማኝ ለመምሰል ከልኩ በላይ መለጠጥ የለበትም።

ሁለተኛ፣ በኋላ ላይ መዝገቦቹን እንደገና ያዩ ተመራማሪዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ሕመምተኞች ሌላ ምክንያት ሊኖራቸው እንደሚችል፣ የአንዳንዶቹም ምርመራ እንዳልተሟላ ተከራክረዋል። ኩባንያውም ምርቱ ጉዳት አላደረሰም ብሎ ነበር፤ ገበያ ላይ አስመስለው የሠሩት እንዳለም ተናግሯል። ኤጀሊን ጉበትን በምን መንገድ እንደሚጎዳ ደግሞ ቁርጥ ያለ ማስረጃ አልተገኘም።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ የእኔ ሚዛን የት ያጋድላል? ወደ ክኒኑ። ቀመሩ በተለወጠበት ወቅት፣ በአንድ ቦታ፣ ጤነኛ የነበሩ ሰዎች በአንድ ዓይነት ሕመም ወደቁ፤ የሚጋሩትም አንድ ነገር ብቻ ነው። ኋላ ላይ ሲቆጠር ነገሩ ከሃዋይ ሰፍቶ 97 ሰዎች ደርሷል፤ 47ቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ ሦስት ንቅለ ተከላ ተደርጓል፣ አንድ ሞት ተመዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ በስህተት የገቡ ቢሆኑ እንኳን የቀሩት ይበቃሉ። ደግሞ የካንሰር መድኃኒት ቢሆን «አደጋው ምን ያህል ነው?» ብሎ መከራከር ያስኬዳል፤ በሌላኛው በኩል ሕይወት አለ። እዚህ በሌላኛው በኩል ያለው ምንድን ነው? ወደ እሱ እመጣለሁ።

ፍርድ ቤት

በኖቬምበር 2015 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ኩባንያውንና ኃላፊዎቹን ከሰሰ። ክሱ ውስጥ ሁለት ነገር ጎልቶ ይታያል።

አንደኛው የወረቀት ጉዳይ ነው። ከቻይና ፋብሪካ የመጡ ሰው ሠራሽ አነቃቂዎች በሐሰተኛ የምርመራ የምስክር ወረቀትና በሐሰተኛ ስያሜ ገብተዋል፣ ለቸርቻሪዎችም ከተክል የተጨመቁ ናቸው ተብሏል ይላል። ሁለተኛው የባሰ ነው። የጉበቱ ጉዳይ ከወጣ በኋላ ኩባንያው ምርቱን ማከፋፈል አቆማለሁ ብሎ ለኤፍዲኤ ቃል ገባ፤ ከጀርባ ግን የቀረውን በተቻለ ፍጥነት ለመሸጥ ተሯሯጠ ይላል ክሱ።

በ2019 ኩባንያውና በርካታ ኃላፊዎቹ ጥፋተኝነታቸውን አመኑ። በኋላ ከኃላፊዎቹ እስር የተፈረደባቸው አሉ። አንድ ነገር መለየት ግን ያስፈልጋል። ያመኑት ምርቱን በአሳሳች ስያሜ ገበያ ላይ ማዋልን በተመለከተ ነው። «ይህ ክኒን ይህን ጉበት አጠፋ» የሚል ፍርድ አልተሰጠም። ለእኔ ግን የስያሜው ነገር ከጉበቱ አያንስም። ገዢው ይህን ምርት ለመመዘን በእጁ ያለው ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። እሱ ውሸት ከሆነ «አንብቤ፣ አውቄ ነው የወሰድኩት» የሚለው ሰው ምን አውቆ ነው?

ይህ የአንድ ኩባንያ ብልግና ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከ2007 እስከ 2016 ኤፍዲኤ ያልተገለጸ መድኃኒት የተቀላቀለባቸው 776 ሰፕልመንቶችን መዝግቧል። ከእነሱ 317ቱ ለክብደት መቀነሻ የሚሸጡ ናቸው። በአብዛኞቹ ውስጥ የተገኘው ሲቡትራሚን ነው። ሲቡትራሚን የልብ ጥቃትና የስትሮክ አደጋን ስለሚጨምር በ2010 ከአሜሪካ ገበያ የወጣ የማቅጠኛ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ሆኖ ሲታገድ «ተፈጥሯዊ» ሆኖ ተመለሰ።

እሺ፣ ግን ይሠራል?

አሁን ወደ ሌላኛው ሚዛን እንሂድ። ስብ አቃጣይ የሚባሉት ምርቶች ስንት ኪሎ ያስቀንሳሉ?

በጣም የምወደው ጥናት በ1998 የታተመ ነው፤ ጋርሲኒያ ካምቦጂያ ስለሚባለው፣ ከፍሬ ስለሚሠራ የማቅጠኛ ክኒን። 135 ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ጋርሲኒያ ወሰዱ። ግማሾቹ ምንም የሌለበት፣ የሚመስል ክኒን ወሰዱ። ሁለቱም ቡድኖች ለ12 ሳምንት ምግባቸውን ቀነሱ። ውጤቱ? ጋርሲኒያ የወሰዱት በአማካይ 3.2 ኪሎ ቀነሱ። ባዶውን ክኒን የወሰዱት 4.1 ኪሎ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ስለሆነ «ባዶው ክኒን ይበልጣል» አይባልም። ጋርሲኒያው ግን አልሠራም።

አሁን ከጋርሲኒያው ቡድን አንዱን ሰው አስቡት። ሦስት ኪሎ ቀንሷል። ሱሪው ሰፍቶታል። ጓደኞቹ ሲጠይቁት «ጋርሲኒያ ወስጄ ነው» ይላል፤ ከልቡ ነው የሚለው። እውነቱን እየተናገረ የተሳሳተ ነገር ያሰራጫል። ቦርጩ የጠፋለት ጓደኛ የሚሉት ይሄ ነው። ክኒን የሚጀምር ሰው በዚያው ሳምንት ስኳር ይቀንሳል፣ ጂም ይመዘገባል፣ ማታ መብላት ይተዋል። ኪሎውን የወሰደው እሱ ነው። ክብሩን ክኒኑ ይወስዳል።

ሌሎቹን ባጭሩ። አረንጓዴ ሻይ ጭማቂን (ከቅጠሉ ተጨምቆ በክኒን መልክ የሚሸጠውን) በተመለከተ በ2012 የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ ከጃፓን ውጪ የተደረጉ ጥናቶችን ደምሮ ልዩነቱ 0.04 ኪሎ ሆኖ አገኘው። አርባ ግራም ማለት ነው። ካፌይን በርግጥ የሰውነትን የኃይል ፍጆታ ከፍ ያደርጋል፤ 100 ሚሊግራም ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከ3 እስከ 4 በመቶ። ሲሰላ በጣት የሚቆጠር ካሎሪ ነው። ደግሞ ሰውነት ይለምደዋል። አረንጓዴ ቡና ፍሬ ብዙ የተወራለት በአንድ ትንሽ ጥናት ነበር፤ ጥናቱ በ2014 ተሰርዟል፣ ያሠራው ኩባንያም 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

በእውነት የሠራ አለ? አለ፤ ኤፌድራ የሚባል አነቃቂ ተክል። በ2003 የታተመ የጥናቶች ድምር ከባዶ ክኒን ጋር ሲነጻጸር በወር 0.9 ኪሎ ያህል ተጨማሪ እንደሚያስቀንስ አሳየ። በዚያው ድምር ውስጥ የልብ ትርታ መፋጠን፣ የሆድና የአእምሮ መረበሽ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ተኩል ጨምሯል። በዚያው ዓመት የቤዝቦል ተጫዋቹ ስቲቭ ቤችለር ልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ሞተ፤ መርማሪው ሐኪም ኤፌድራ አስተዋጽኦ እንዳለው ተናገረ። በ2004 ኤፌድራ በሰፕልመንትነት እንዳይሸጥ ታገደ።

ሥዕሉ እየታየ ነው መሰለኝ። ጉዳት የማያደርሱት ይህ ነው የሚባል ነገር አያስቀንሱም። የሚያስቀንሱት ደግሞ መድኃኒት ስለሆኑ ነው፤ መድኃኒት ስለሆኑም ይጎዳሉ። ብልቃጡ በእጅህ ያለው ምርት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አይነግርህም። አንዳንዴ ሻጩም አያውቅም።

ክብደት በመድኃኒት አይቀንስም እያልኩ አይደለም። በ2021 በታተመ ትልቅ ጥናት ሴማግሉታይድ የሚባለው መርፌ በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 14.9 በመቶ የሰውነት ክብደት አስቀንሷል፤ ባዶ መርፌ የተወጉት 2.4 በመቶ። ማቅለሽለሽ አለው፣ ማስታወክ አለው፣ ሁሉም ሰው አይወስደውም። ግን ጉዳቱ ተቆጥሮ ተጽፏል፤ ያዘዘው ሐኪምም የሚከታተል ሰው ነው። ከዚህ አጠገብ አርባ ግራም ላይ የተለጠፈ «እሳት የላሰ» ማስታወቂያ ሳይ ሳቄ ይመጣል።

እንግዲህ ጥያቄው ይጠቅማል ወይ ከሆነ፣ የእኔ መልስ አይጠቅምም ነው። ገንዘቡን ትቼ ማለቴ ነው።

«እኔ ወስጄ ምንም አልሆንኩም»

ይህን የሚል ሰው ትክክል ነው። ኦክሲኤሊት ፕሮን የወሰደው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ጉበቱ የተጎዳው ጥቂት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ጉዳት ብዙውን ጊዜ በመጠን አይመጣም። እንደ ፓራሲታሞል «ከዚህ በላይ ከወሰድክ» የሚባል መስመር የለውም። በሰውየው ተፈጥሮ ላይ ይወሰናል። አንዱ ዓመት ሙሉ ወስዶ ይድናል፣ ሌላው በሳምንታት ይወድቃል።

በአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ ላይ ይህ ጥሩ ተጠንቷል። ጭማቂው ጉበታቸውን ከጎዳቸው ሰዎች 72 በመቶው ኤችኤልኤ ቢ 35፡01 የሚባል የዘር ምልክት ይዘው ተገኝተዋል፤ በተራው ሕዝብ ውስጥ 11 በመቶ ገደማ ነው ያለው። ምልክቱ የመከላከያ ሥርዓት ነገር ነው። መኖሩን ደግሞ ማንም በፊቱ አይቶ አያውቀውም። ስለዚህ የጓደኛ ምስክርነት ስለ ጓደኛው ጉበት እንጂ ስለእናንተ ጉበት የሚናገረው የለም። አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒት የሚመጣ የጉበት ጉዳትን የሚከታተለው የሆስፒታሎች መረብ በ2004 ሥራ ሲጀምር ከመዘገባቸው 7 በመቶው ከዕፅዋትና ከሰፕልመንት የመጡ ነበሩ። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ 20 በመቶ ደርሷል።

አሁን እየወሰደ ያለ ሰው ካለ፣ ከፍርሃት ይልቅ ምልክቱን ማወቅ ይጠቅመዋል። ሽንት ውኃ እየተጠጣም ሻይ መስሎ ከወጣ፣ ሰገራ ከነጣ፣ የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ካለ፣ ገላ ያለ ሽፍታ ካሳከከ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ከከበደ፣ ወይም ምግብ ማየት ከሰለቸና ድካሙ ካልለቀቀ፣ ክኒኑ በዚያው ቀን ይቁም። «ብልቃጡን ልጨርሰውና» የለም። ሐኪም ጋ ሲኬድ ኤኤልቲና ቢሊሩቢን ከአንድ የደም ናሙና ይታያሉ። ብልቃጡ ከነክዳኑ፣ ከነወረቀቱ ይወሰድ፤ የምርቱ የመለያ ቁጥር ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ሃዋይ ላይ መርማሪዎቹን መንገድ ያሳያቸውም ሕመምተኞቹ የወሰዱትን በስሙ መጥራታቸው ነው። አብዛኛው ሰው ካቆመ በኋላ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያገግማል። ጉበቱ ከተመለሰ በኋላ ያንኑ ምርት «በትንሹ ልሞክረው» ማለት ግን አይቻልም፤ ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ፈጥኖና በርትቶ ሊመጣ ይችላል።